ላፕቶፔን በእኛ አቆጣጠር ያደረግኩበት ጠዋት

ባለፈው ኅዳር፣ ወዳጄ ተካ በሚቀበርበት ቀን ጠዋት፣ የላፕቶፔን ቀን አስተካከልኩ። በሰባ ስድስት ዓመት ዕድሜዬ ብዙ የጅል ሥራ ሠርቻለሁ፤ ጎረቤት ይመስክር። የሞተን ሰው ዳግመኛ ልገድል የተቃረብኩት ግን በዚያን ቀን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ነገሩ ከአእምሮዬ የማይወጣው። አሁንም ሻይ ቤት ተቀምጬ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። አስተናጋጆቹ ለምደውኛል፤ ስኳሩን ያቀርቡልኝና ይሄዳሉ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ታይፒስት ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የጽሕፈት መኪና ስቀጠቅጥ ስለኖርኩ ጣቶቼ ዛሬም እንደ መዶሻ ናቸው። ልጄ ሰብለ የተገለገለችበትን ላፕቶፕ ስትሰጠኝ፣ "አባዬ፣ ቀስ ብለህ ንካት፤ ይህቺ ስትደበደብ አትወድም" ብላኝ ነበር።

ካዛንቺስ ውስጥ ባለው እድራችን የእኔ ድርሻ የሟቾችን የሕይወት ታሪክ መጻፍና ቀብር ላይ ማንበብ ነው። ሰው ሲያርፍ ቤተሰቡ ይጠራኛል። የት ተወለዱ፣ ምን ተማሩ፣ የት ሠሩ፣ ስንት ልጅ ወለዱ ብዬ እጠይቃለሁ። መጨረሻ ላይ "ደግ፣ ሩኅሩኅና ሰው አክባሪ ነበሩ" ብዬ እዘጋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው አክባሪ ካልኳቸው መካከል ሰላምታዬን መልሰውልኝ የማያውቁም ነበሩበት።

ተካ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር የነበረ፣ የአርባ ዓመት ጓደኛዬ ነው። ታሞ የተኛ ጊዜ አስጠራኝና እንዲህ አለኝ።

"ስማ አንተ፣ እኔን ደግ ነበር ብለህ ብታነብ ከሳጥኑ ተነሥቼ አርምሃለሁ። የእኔን ራሴ ነኝ የማጽፍህ።"

"አንተ ሰው፣ ገና በሕይወት እያለህ?"

"ታዲያ ከሞትኩ በኋላ ላጽፍህ?"

ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ እሱ እየተናገረ እኔ ጻፍኩ። ሲጨርስ እጄን ያዘኝ። "አንዲት ቃል አትጨምር፣ አንዲት ቃል አትቀንስ። መጨረሻው ላይ ለአስካለ የምላት አለ። በቁሜ ልነግራት አፍሬ ነው። አንተ ታነብልኛለህ።" አስካለ ሚስቱ ናት።

እዚህ ላይ አንባቢ "ታዲያ ምን ጽፈህ ነበር?" ቢለኝ መልስ የለኝም። ታይፒስት የሚጽፈውን አይሰማም። ጆሮው ይቀበላል፣ ጣቱ ያወርዳል፤ መሀል ላይ ያለው ጭንቅላት ስለ ምሳ ያስባል። መሥሪያ ቤት እያለሁ የራሴን የዝውውር ደብዳቤ ራሴ ጽፌ፣ መዛወሬን የሰማሁት ከጥበቃው ነው። ተካ ለአስካለ ያለውንም እንዲሁ ጣቶቼ ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

ወረቀት ላይ አላተምኩትም። በሕይወት ያለን ሰው የሕይወት ታሪክ አትሞ ማስቀመጥ ሟርት ነው ብዬ ፈራሁ። ላፕቶፗን ዘግቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኳት። ተካ እስኪያርፍ ድረስ ሦስት ሳምንት ያህል አልከፈትኳትም።

የቀብሩ ቀን ነጋ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ተባለ። ድንኳኑ ተተክሏል፤ የሰፈሩ እኩሌታ ሲፈርስ ወዲያና ወዲህ የተበተኑት ጎረቤቶቻችን ሁሉ ከያሉበት እየመጡ ነው። አስካለ ጥግ ይዛኝ፣ "ተካ ያጻፈህን አደራ፣ አንተ ወንድሜ" አለችኝ። "ምን እንዳለ እንኳ አልነገረኝም። 'ያን ጊዜ ትሰሚዋለሽ' ብቻ ነው ያለኝ።"

"ዝግጁ ነው" አልኳት። ቤቴ ሄጄ ማተም ብቻ ነው የቀረኝ።

ቻርጀሩን ሰክቼ ላፕቶፗን ከፈትኩ። ባትሪዋ ጨርሶ ደርቆ ስለነበር ቀንና ሰዓት ጠፍቶባታል፤ አስተካክሉልኝ የሚል ጽሑፍ አወጣች። ሰብለ ይህን ቀድማ አውቃ ክዳኑ ላይ ወረቀት ለጥፋልኛለች። "አባዬ፣ ሰዓት ከጠየቀችህ ኤፍ ዋን የሚለውን ቁልፍ ተጫንና እለፍ። ሌላ ምንም አትንካ።" ጽሑፉ በቀይ እስክሪብቶ ነው፤ "ምንም" የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ሽማግሌ መቼ ሰምቶ ያውቃል? በወዳጄ ቀብር ቀን፣ ቀኑን በማያውቅ መሣሪያ አልሠራም አልኩና ኤፍ ቱን ተጫንኩ። ግራጫ የማስተካከያ ገጽ ተከፈተ። ወር ሲለኝ ሦስት፣ ቀን ሲለኝ አሥራ አንድ ብዬ ሞላሁ፤ ኅዳር አሥራ አንድ ነዋ! ዓመተ ምሕረቱን የእኛን ጻፍኩ። ሰዓቱን ሁለት ከሩብ አደረግኩት። ደስ አለኝ።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ደህና ነበር። ግን ከገባሁ አይቀር ብዬ ወደሚቀጥለው ገጽ ተሻገርኩ። እኛ ታይፒስቶች መኪና ላይ ስንቀመጥ ያለውን ማጥበቂያና ማላሊያ ሁሉ ነካ ነካ ሳናደርግ ሥራ አንጀምርም። አንድ መስመር ላይ ሁለት ምርጫ አየሁ። የነበረውን ወደ ሌላው ቀየርኩት። ለምን እንደሆነ ዛሬም ብትገርፉኝ አላውቅም። አስቀምጬ ወጣሁ።

ስክሪኑ ጨለመ። ጨለማው ላይ አንዲት ነጭ መስመር በእንግሊዝኛ ወጣች። የምነሣበት ነገር አላገኘሁም ማለቷ ነው። እኔም ጠዋት ጠዋት እንደዚያው ስለሆንኩ መጀመሪያ አልከፋኝም። አጥፍቼ አበራሁ። ያው ነው። አሥር ጊዜ አጠፋሁ፣ አሥር ጊዜ አበራሁ። ተመልሼ ገብቼ እንዳላስተካክል የትኛውን መስመር እንደነካሁ ጠፋኝ፤ የባሰ አበላሻለሁ ብዬም ፈራሁ።

አዳማ ወደምትሠራው ሰብለ ደወልኩ።

"አባዬ፣ ምን ነካህ?"

"ምንም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"አንቺ ልጅ፣ እኔ ምን አውቄ ነው የምነካው?"

"እሺ፣ መሳቢያው ውስጥ ቀይ ፍላሽ አለ። ላፕቶፗ አልነሣም ካለች በእሱ እንድትነሣ ብዬ ያዘጋጀሁልህ ነው። ስካውና አብራት። ፋይልህን በእሱ በኩል ማውጣት ይቻላል። አሁን ስብሰባ ልገባ ነው፣ ቻው።"

ፍላሹን አገኘሁት። ሰካሁት፤ አበራሁ። የምነሣበት አላገኘሁም። ነቅዬ በሌላኛው ቀዳዳ ሰካሁት። አላገኘሁም። እፍ አልኩበት። በሸሚዜ ጠረግኩት። በስመ አብ ብዬ ሰካሁት። ላፕቶፗ ሃይማኖት የላትም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ልብሴን ቀይሬ፣ ላፕቶፗን በጋቢ ጠቅልዬ አቀፍኳትና ወደ ለገሃር ታክሲ ገባሁ። አንዲት ሴት ሕፃን የያዝኩ መስሏት ከመቀመጫዋ ተነሣችልኝ። አላረምኳትም። እንዲያውም ቁጭ ካልኩ በኋላ ጋቢውን ትንሽ እሹሩሩ አደረግኩት።

ለገሃር አካባቢ የማውቀው አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ አለ፤ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው ጨዋ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ሦስት ላፕቶፖች ተዘርግተዋል። የእኔን ተቀብሎ አበራት።

"አባባ፣ የነካኩት ነገር አለ?"

"በፍጹም! እንዲሁ ተቀምጣ ነው የታመመችው።"

ሰውየው አመነኝ። ሽበት ክፉ ነገር ነው፤ ውሸት ያስከብራል። የሰብለን ፍላሽ ሞከረ። የራሱን ፍላሽ ሞከረ። ሦስተኛ ፍላሽ ከመሳቢያ አውጥቶ ሞከረ። ቁልፍ እየተጫነ ከምን ልነሣ የሚለውን ዝርዝር አወጣና አየ፤ ባዶ ነው። ራሱን ነቀነቀ።

"ፍላሹንም አታይም፣ የራሷን ዲስክም አታይም። ሁለቱንም ካላየች ከውስጥ ቦርዷ ሳይሆን አይቀርም። ፈትቼ ማየት አለብኝ። ትተውልኝ ይሂዱና ከነገ ወዲያ ይምጡ።"

"ከነገ ወዲያ? ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ቀብር አለብኝ እኮ!"

"የማን ቀብር ነው፣ አባባ?"

"እዚህ ውስጥ ያለው ሰውዬ" አልኩና ላፕቶፗን አሳየሁት።

ሰውየው አንዴ እኔን፣ አንዴ ላፕቶፗን አየ። ነገሩን ሳስረዳው ከመቀመጫው ተነሣ። "እንግዲያው እኔ ጋ ጊዜ አያጥፉ። ኦሎምፒያ ሰፈር ፍሬሕይወት የምትባል ጠጋኝ አለች። እሷ ያላስነሣችውን ማንም አያስነሣውም" አለና የሕንፃውን ስም ወረቀት ላይ ጻፈልኝ።

ኦሎምፒያ ስደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። የፍሬሕይወት ሱቅ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ስወጣ ከላፕቶፗ ይልቅ እኔ ነበርኩ ጠጋኝ የሚያስፈልገኝ። ፍሬሕይወት ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ወንበር ሰጠችኝ፣ ውኃ ሰጠችኝ፣ ተንፍሼ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ስለ ተካ፣ ስለ አስካለ፣ ስለ ዘጠኝ ሰዓቱ ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ከአንዲት ነገር በቀር።

"ጋሼ፣ እርስዎ የነኩት ነገር የለም?"

"ምንም።"

ይሄ ሦስተኛዬ ነው። ኦሎምፒያ ዶሮ ስለሌለ እንጂ ይጮኽ ነበር።

እሷ ወደ ፍላሽ አልሄደችም። በቀጥታ ያንን ግራጫ ገጽ ከፈተችው። መነጽሯን ከግንባሯ ዓይኗ ላይ አወረደችና መስመር በመስመር አየች።

"ጋሼ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?"

"ኅዳር አሥራ አንድ።"

"ዓመተ ምሕረቱስ?"

ነገርኳት።

"ላፕቶፕዎም እንደሱ ነው የምትለው።"

"ጎበዝ ናት" አልኩ።

"ሰዓቱንም አምስት ተኩል ትላለች።"

"ልክ ናት፤ አምስት ተኩል ነው።"

ፍሬሕይወት ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። "ጋሼ፣ ባትሪዋ አልቆ ቀን የጠፋባት ላፕቶፕ ብዙ አይቻለሁ። ዓመታት ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ እሺ። ግን ኅዳርን ሦስተኛ ወር ነው የምትል አንድም አላየሁም። ፈረንጅ የሠራት ዕቃ፣ ማን ነው ባሕረ ሐሳብ ያስተማራት?"

መስኮቱን አየሁ፣ ጣሪያውን አየሁ። የሚረዳኝ ጠፋ።

"በቃ ነክቻለሁ" አልኩ። "በወዳጄ ቀብር ቀን ቀኑን እንድታውቅ ብዬ ነው።"

"ከቀኑ ሌላስ?"

"ሌላ... ማለቴ... አንዲት መስመር። ከገባሁ አይቀር ብዬ።"

ያች ዝምተኛ ሴት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ቀና ትልና ያን ወር፣ ያን ቀን ታያለች፤ መልሳ ትደፋለች። እኔም ከፍርሃቴ የተነሣ አብሬያት ሳቅኩ። ዓይኗን ጠርጋ አስረዳችኝ። ላፕቶፗ የምትነሣበትን ነገር የምትፈልግበት ሁለት መንገድ አላት፤ የድሮና የአሁን። የራሷ ዲስክም፣ ፍላሾቹም የተዘጋጁት በአሁኑ መንገድ ነው። እኔ ደግሞ በድሮው ፈልጊ ብዬ አዘዝኳት።

"ሰፈሩ ከተነሣ በኋላ ካዛንቺስ ገብተው በድሮው የቤት ቁጥር ሰው ቢፈልጉ ማንን ያገኛሉ? ሰዎቹ አልሞቱም፤ አድራሻው ነው የሌለው" አለችኝ።

መስመሯን ወደ ነበረችበት መለሰቻት። "ቀኑንም ወደ ፈረንጁ ልመልሰው ነው፣ እንዳይቀየሙኝ" አለች።

"ምን ገዶኝ! ከፈለግሽ የቻይና አድርጊው።"

በዲስኩ ከማስነሣቷ በፊት በሰብለ ቀይ ፍላሽ አስነሥታ ፋይሉን ቀድሞ ማውጣት እንደሚሻል ነገረችኝ፤ ምናልባት ሌላ ሕመም ቢኖርባት። ሰካችው። ጠዋት እፍ ብዬ፣ ጠርጌ፣ አማትቤ አልነሣም ያለችው ላፕቶፕ ዓይኗን ገለጠች። "ተካ" ብዬ ያስቀመጥኩትን ፋይል አገኘነው። ፍሬሕይወት ከፈተችው።

ገጹ ከላይ እስከ ታች በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተሞልቶ ወጣ። ፊደል የሚባል የለም።

"ወይኔ ተካ!" ብዬ ጮኽኩ። ከጎረቤት ሱቅ ሰው ብቅ ብሎ አየን።

"ጋሼ፣ ይረጋጉ እንጂ! ፍላሹ ውስጥ የአማርኛ ፊደል ስለሌለ ነው። ጽሑፉ ደህና ነው።"

አላመንኳትም። እኔ ሦስት ጊዜ ስዋሽ ስለዋልኩ ሰው ሁሉ የሚዋሽ መሰለኝ። እሷ ፋይሉን ፍላሹ ላይ ገልብጣ፣ ፍላሹን ነቅላ፣ ላፕቶፗን በራሷ ዲስክ አስነሣቻት። ያቺ ሁለት ደቂቃ ከጡረታዬ ትረዝማለች። ከዚያ ተካ ወጣ። "እኔ ተካ፣ ይህን ራሴ ነኝ ያጻፍኩት፤ ጸሐፊው የጨመረበት ነገር ካለ አትመኑት" ብሎ ነው የሚጀምረው። ጣቶቼ ይህንንም ሳይነግሩኝ ቆይተዋል።

ፍሬሕይወት አተመችው። ወረቀቱ ሲወጣ ዓይኗ አረፈበት፤ እስከ መጨረሻውም ወረደ። ወረቀቱን አጣጥፋ ሰጠችኝ።

"ይቅርታ፣ አነበብኩት።"

"ስንት ልክፈል?" አልኳት።

"ገንዘብ አልፈልግም። እናቴ መስቀል ፍላወር ሰፈር ነው የምትኖረው፤ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። የእሷንም እንደዚህ ይጻፉልኝ፤ ራሷ እየተናገረች።"

"በሕይወት እያሉ? ሟርት እንዳይሆን..."

"ሟርቱ ከሞተች በኋላ መጻፉ ነው፣ ጋሼ። ያን ጊዜ መልስ አትሰጥማ።"

ቃል ገባሁላትና ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል በእኔ አካሄድ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆሜ አነበብኩ። ተካ መኪና ስለገለበጠበት ቀን፣ ስላስኮረፋቸው አለቆቹ፣ እየወደዳቸው ስላላመሰገናቸው ልጆቹ አነበብኩ። ሰው መሳቅ ፈልጎ አፉን በነጠላው ይሸፍናል። መጨረሻው ላይ ደረስኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት እኔም ያን ጊዜ ነው።

"አስካለ፣ ወጡ ጨው በዝቶበታል እያልኩ ስነዘንዝሽ ኖሬያለሁ። በዝቶበት አያውቅም። እንደዚያ ስልሽ መጥተሽ ከሳህኔ ትቀምሺ ነበር፤ እስክትቀምሺ አጠገቤ ትቀመጫለሽ። ለዚያ ነው።"

አስካለ እየተንሰቀሰቀች ነበር። ድንገት ሳቅ አመለጣት። "ይሄ ውሸታም!" አለች ጮክ ብላ፤ "ይሄ ውሸታም! እኔ እኮ ጨው ልቀንስ ብዬ አልጫ በላሁ ዕድሜዬን ሙሉ!" ከዚያ አለቀሰች፤ የምር አለቀሰች። ቄሱም ራሳቸውን ዞር አድርገው ጢማቸውን ሲያሹ አይቻለሁ።

ማታ ለሰብለ ሁሉንም ተናዘዝኩ። "ገና 'ምንም' ስትል አውቄያለሁ፣ አባዬ" አለችኝ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ባፍርም አልጸጸትም። የሚያሳፍረኝ ኤፍ ቱን መጫኔ ሳይሆን መዋሸቴ ነው፤ ሦስት ሰው ምን ነካህ ብሎ ሲጠይቀኝ አንዲት እውነት ተናግሬ ቢሆን ኖሮ፣ ለገሃር ያ ጨዋ ሰው ፍላሽ ሲሰካና ሲነቅል ባልዋለ ነበር።

ወደ ፍሬሕይወት እናት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። እማማ ብርቄ ይባላሉ፤ ድሮ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ። መጀመሪያ ቀን "የት ተወለዱ?" ብዬ ስጀምር ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። "ከመወለዴ አትጀምር፤ መወለዴን አላስታውሰውም። ያላየሁትን አልመሰክርም" አሉኝ። ሰረዝኩት። ባለፈው ቅዳሜ ሠርጋቸው ላይ ደርሰን ነበር። አነበብኩላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ "አይ፣ ሙሽራውን አሳምረኸዋል፤ እንደገና እንጽፈዋለን" አሉና ሻይ አስመጡልኝ።

እስካሁን ለፍሬሕይወት ያስረከብኩት አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ቀሪው ዕዳዬ ነው።